የስልክ ጌም የልጅ አፍ ያቃናል ወይ? (ጅማ ላላችሁ ወላጆች)

ቆጪ_እናት

እንዴት ናችሁ ቤተሰብ። ጅማ ነው የምኖረው፣ ቆጪ ሰፈር። ወንድ ልጄ አራት ዓመት ከመንፈቁ ነው። ወሬ ይወዳል፣ ቤት ውስጥ አፉ አያርፍም። ችግሩ እኔና አባቱ ካልሆንን ማንም አይገባውም። ኳስ ለማለት «ታስ» ይላል። ቁልፍ «ጡልፍ» ነው፣ ገንዘብ «ደንዘብ»፣ ውሻ «ውሳ»፣ ብርቱካን «ብልቱታን»። ሱቅ አብረን ስንሄድ ራሱ መጠየቅ ይፈልጋል። «ተለሜላ ስጠኝ» ይላል። ባለሱቁ ቀና ብሎ እኔን ያያል። ልጁ ይናደዳል። አሁን አሁን ኬጂ ውስጥ ጭራሽ አይናገርም ብላ አስተማሪዋ ነገረችኝ።

አንድ ክሊኒክ ወስጄው ነበር። «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ጠብቂ» ብለው ሸኙኝ። ጆሮውንም አላዩትም።

አጎቱ ውጭ ሀገር ነው። የንግግር ማለማመጃ ነው ብሎ አንድ ጌም ላከልኝ፣ እንግሊዝኛ። ስዕል ይመጣል፣ ሴትዮዋ ቃሉን ትላለች፣ ልጁ ሲደግም ኮከብ ይሰጠዋል። በጣም ወዶታል። ግን ኮከቡን ማን እንደሚያገኝ አላወቅኩም፤ አንድ ቀን የጎረቤት ውሻ ጮኸና ለውሻው ኮከብ ሰጠ።

አዲስ አበባ መመላለስ አቅሜ አይፈቅድም። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተሠራ ጌም የሚያውቅ አለ? ደግሞ አኮ (የአባቱ እናት) የምታወራው ኦሮምኛ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ «ሁለት ቋንቋ አምታታችሁበት» እያለ ያስጨንቀኛል። እውነት ነው?

አባ_ቡና

ስልኩን ቀሚው። በቃ። የኛ ልጆች ያለ ስልክ አይደል እንዴ አፋቸውን የፈቱት? ልጅ ከሰው ነው ቋንቋ የሚማረው። ማታ ማታ «እንቆቅልህ» በይው፣ «ምን አውቅልህ» ይበልሽ። ከዚያ የተሻለ ጌም አላውቅም።

ሄርማታ_ልጅ

ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን ልጁ «እንቆቅልህ»ን «እንጦጥልህ» ቢል ምን ይደረጋል 😂

ነርስ_አጂፕ

እህቴ፣ ከጌሙ በፊት ጆሮው። ይሄን ማንም ሳያይ «ጠብቂ» ማለቱ አናዶኛል። ልጆች ጉንፋን ሲደጋግማቸው ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ሕመም የለውም፣ መግልም አይወጣም። ልጁ ይሰማል፣ ግን ደብዝዞ ነው የሚሰማው። «ኳስ» እና «ታስ» በደንብ ካልተለዩለት ምን ብሎ ያስተካክላል? ሲወለዱ ጆሮ የመመርመሩ ነገር እኛ ጋ ገና ስላልተለመደ ብዙ ልጅ ሳይታወቅበት ያድጋል። ስለዚህ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ጋ ውሰጂው። የመስማት ምርመራ ይደረግለት በይ፤ ጆሮውን በመብራት አይቶ መመለስ ብቻውን አይበቃም።

ሌሎች ወላጆችም እያነበባችሁ ስለሆነ ልጨምር። በ12 ወሩ «ባባባ ዳዳዳ» የማይል፣ በእጁም የማይጠቁም ልጅ፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገናኝ ልጅ («ውሃ ስጪኝ» ዓይነት) አይጠበቅም፣ ይታያል። የሚያውቀውን ቃል እየተወ የሚሄድ ልጅ ደግሞ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ነገ ሳይባል ይሂድ። ወንድ ሆነ ሴት ሆነ።

ሰቶ_ሰመሮ

የኔ እናት፣ የእኔንም ልጅ እንዲህ አድርጎት ነበር። ምላሱ ታስሮ ይሆናል፣ ወይ እንጥሉ ወርዶ። እኛ ሰፈር የሚቆርጡ እናት አሉ፣ አንድ ቀን ነው የሚፈጀው።

ነርስ_አጂፕ

ኧረ በአላህ! እንጥል ከ«ኳስ»ና «ታስ» ጋር ምንም አያገናኘውም። እንጥል የተቆረጠ ልጅ ደም ሲፈሰውና ሲመረቅዝበት በዓይኔ አይቻለሁ። የምላስ መታሰርም ቢሆን ልጅን ከመናገር የሚያግደው ከስንት አንዴ ነው፣ እሱም ካለ ሐኪም ነው የሚያየው። ይሄ ልጅ «ለ» እና «ተ» እያለ ምላሱን ከላይኛው ጥርሱ ጀርባ እያደረሰ ነው። ምላሱ አልታሰረም።

ስፒች_አዲስ

ቆጪ_እናት፣ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነኝ፣ አዲስ አበባ። ልጁን ሳላይ ምርመራ አልሰጥም። ግን የጻፍሽው ዝርዝር ብዙ ነገር ይናገራል፤ ደግመሽ እይው።

«ከ» ሲባል «ተ» ይላል። «ቀ» ሲባል «ጠ»። «ገ» ሲባል «ደ»። ሦስት ችግር ይመስላል እንጂ አንድ ነው። «ከ»፣ «ቀ» እና «ገ» የሚወጡት የምላስ ጀርባ ከላንቃ ኋላ ሲነካ ነው። እሱ ሦስቱንም ወደ ፊት፣ ወደ ምላሱ ጫፍ አምጥቷቸዋል። ደግሞ ቁልፍን «ቱልፍ» ሳይሆን «ጡልፍ» ማለቱ ደስ የሚል ምልክት ነው። ያንን ጠንከር ያለ ፍንዳታ ይዞታል፣ የጠፋው ቦታው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ አንዱን ድምፅ ወደ ኋላ መመለስ ሲችል ሌሎቹ ብዙ ጊዜ ተከትለው ይመጣሉ።

ይህ ወደ ፊት ማምጣት ትንንሽ ልጆች ላይ የተለመደ ነው። አብዛኞቹ ወደ አራት ዓመት ሲጠጉ ይተዉታል። አራት ዓመት የሞላውን ልጅ ደግሞ የማያውቀው ሰው እንኳ አብዛኛውን ንግግሩን ሊረዳው ይገባል። ስለዚህ መጨነቅሽ ትክክል ነው፣ «ጠብቂ» የሚባልበት ጊዜ አልፏል። «ረ»ን «ለ» ማለቱንና «ውሳ»ን ግን ለጊዜው ተያቸው። በ27 ቋንቋዎች የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ሥራ አለ። ልጆች አብዛኛውን ተነባቢ ድምፅ እስከ 5 ዓመታቸው እንደሚይዙ ነው ያሳየው። ሁሉንም ባንዴ አታርሚ፣ ልጁ አፉን ይዘጋብሻል። ኬጂ ዝም ያለው ለዚህም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጌሙ። ጌም የሚሰጠን አንድ ትልቅ ነገር ድግግሞሽ ነው። ምላስ አዲስ ቦታ የምትለምደው ብዙ ጊዜ ስትሄድበት ነው። እናት «እንደገና በል» ስትል ልጅ ቶሎ ይሰለቻል። ጌም ሲሆን ግን ሃያ ጊዜ ብሎ ገና ሃያ አንደኛውን ይጠይቃል። ጌሙ የማይሰጠው ጆሮ ነው። ልጁ ያለውን አይሰማም። የሚሰማው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ እኔ ለወላጆች የምለው ይሄን ነው፦ የጌሙን ድምፅ አጥፉት። የሴትዮዋን እንግሊዝኛ ዝም አሰኚ። ስልኩ በአንቺ እጅ ይሁን እንጂ በእሱ እጅ አይሁን። ስዕሉ ሲመጣ ቃሉን አንቺ በአማርኛ ትያለሽ፣ እሱ ይላል፣ ከዚያ ነው የሚነካው። ንክኪው የእሱ ተራ ሽልማት ነው። ሳይናገር መንካት ከቻለ ያ ጌም ጣት ያሠለጥናል፣ ምላስ አያሠለጥንም።

እንግሊዝኛውን አጥፊ ያልኩት ለሌላም ምክንያት ነው። እነዚያ ጌሞች «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጸ»፣ «ጰ» የላቸውም። በምትካቸው ምላስን በጥርስ መሀል የሚያስወጡ እኛ የማንጠቀምባቸውን ድምፆች ያለማምዳሉ። የልጁ ጉልበት ለምን እዚያ ይባክን?

ኬጂ_መምህርት

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ክፍሌ ውስጥ ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ስልኬ አንድ ነው። እኔ ምን ላድርግ?

ስፒች_አዲስ

ክፍል ውስጥ ስልኩን ተዪው። ልጁ ያለውን አስተካክለሽ መልሽለት፣ ሳታሳቅቂው። «ውሳ መጣ» ካለ «አዎ ውሻ መጣ! ትልቅ ውሻ» በይው። «እንደገና በትክክል በል» አትበይው፣ በተለይ በልጆች ፊት። ከጠየቅሽው በኋላ ደግሞ ዝም ብለሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። አብዛኞቻችን ሁለት ሳንደርስ እንመልስለታለን።

ኮልታፋው

እኔ ራሴ እስከ ሰባት ዓመቴ ኮልታፋ ነበርኩ፣ ስሜን ተመልከቱ። አሁን የልጄ ተራ ነው። ሲጮሁበት የሚዘል እንስሳ ያለበት ጌም አውርጄ ነበር። ድምፅ ስታሰማ ይዘላል፣ ዝም ስትል ይወድቃል። ሐሳቡ ጥሩ መስሎኝ ነበር። ግን የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንስሳው ማንም ሳይናገር ጌሙን ጨረሰ። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ባጃጅ በደጃፍ ባለፈ ቁጥር ይዘላል።

ስፒች_አዲስ

እነዚህ ጌሞች የሚለኩት የድምፅን መጠን ብቻ ነው። «ኳስ» በል «ታስ» በል ለእነሱ አንድ ነው። ቢሆንም አልጥላቸውም። ጨርሶ ድምፅ ለማውጣት የሚፈራ ልጅ ካለ «ድምፄ አንድ ነገር ያንቀሳቅሳል» ብሎ እንዲደፍር ይረዱታል። ግን ጩኸት እየተሸለመ እንዳይለምድ፣ ጉሮሮው ይጎዳል፣ ድምፁም ይጎረንናል። «አአአ» ብሎ ረጅም፣ ለስለስ ያለ ድምፅ እንዲያወጣ አድርጉት።

ኮድ_ቂጦ

ሰላም። ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ ተማሪ ነኝ፣ ሶፍትዌር ላይ። ይሄን ክር ሳነብ ለመመረቂያ ሥራዬ ሐሳብ መጣልኝ። ጉግል በድምፅ መጻፍን ለአማርኛ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፍቷል። ያንን ጌም ውስጥ አስገብቼ ልጁ «ኳስ» ሲል ስልኩ ራሱ ትክክል ወይም ስህተት ቢለው አይሻልም? ወላጅ ሥራ ላይ ቢሆን እንኳ ልጁ ብቻውን ይለማመዳል።

ኮልታፋው

ሞክሬዋለሁ ወንድሜ፣ ጌም ሳይሆን እንዲሁ የመጻፊያውን ማይክ ከፍቼ። ልጄ «ውሳ ጮኸ» አለ። ስልኩ «ውሻ ጮኸ» ብሎ ጻፈ። ልጁ አንብብልኝ አለኝ፣ አነበብኩለት፣ ትክክል ነኝ ብሎ ሄደ።

ስፒች_አዲስ

ኮልታፋው የጻፈው ነገሩን ጨርሶታል። እነዚህ ሲስተሞች የሚሠሩት ተናጋሪው ምን ለማለት እንደፈለገ ለመገመት ነው። «ውሳ» የሚባል ቃል ስለሌለ «ውሻ» ነው ብለው ይገምታሉ። ለጽሑፍ ድንቅ ነው። እኛ ግን የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው፣ ስህተቱ እንዲታይ። ከዚያም በላይ በአብዛኛው የለመዱት የአዋቂን ድምፅ ነው። የልጅ ድምፅ ቀጭን ነው፣ አነጋገሩም ይለያያል፤ ልክ የሆነውንም «ስህተት» ሊሉት ይችላሉ። አንድ ልጅ ደክሞ «ኳስ» ብሎ ስልኩ «አይ» ቢለው ያን ቀን አለቀ።

ልጁ ብቻውን ይለማመዳል ያልከው ላይ ደግሞ ቆም በል። አውስትራሊያ ውስጥ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የንግግር ድምፆችን ማውጣት የሚቸግራቸው 123 ልጆች ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ መዋለ ሕፃናት ውስጥ በአስተማሪ እየታገዙ በኮምፒውተር ጌም ተለማመዱ፣ ሌሎቹ የተለመደውን ትምህርት ቀጠሉ። ሁለቱም ተሻሻሉ፣ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ጌሙ መጥፎ ስለሆነ ነው አልልም። አሠሪው ማን ነው፣ ስንት ጊዜ ነው፣ ልጁ በእውነት አፉን ከፍቶ ይናገራል ወይስ እየሰማ ይነካል፣ ወሳኙ እሱ ነው።

አባ_ቡና

ምን አልኩ?

ስፒች_አዲስ

ጋሼ፣ ግማሹን ብለዋል 🙂 እንቆቅልሽ ተራ መጠበቅንና ቃላትን ያስተምራል፣ እኔም ለወላጆች አዛለሁ። ግን የምላስን ቦታ ለማስተካከል ያ ሁሉ ድግግሞሽ ያስፈልጋል፤ እንቆቅልሽ ደግሞ አንዴ ከተፈታ ተፈታ።

አባት_ሰቶ

የኛን ልንገራችሁ። ሴት ልጄን አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ በቪዲዮ ጥሪ ነው የሚያያት። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ሄደን በአካል አይቷታል፣ ከዚያ ወዲህ በስልክ። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ፊቱ ስክሪኑ ላይ ይደርቅና እሷ ትስቃለች። ቢሆንም ሠርቷል። በመሀል ያለውን ሳምንት የምንሸፍነው በጌም ነው። እሱ ይመርጥልናል፣ እኔ አብሬያት እቀመጣለሁ።

ሁለት ነገር ከልምድ። ዳታውን ዘግታችሁ ነው የምትከፍቱት፤ አለበለዚያ በመሀል ማስታወቂያ ይመጣና ልጅቷ ሌላ ቦታ ትገባለች። ሁለተኛ፣ አጭር ይሁን። አሥር ደቂቃ፣ በየቀኑ። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሙሉ ማስቀመጥ አይሠራም፣ ሁላችንም ተጣልተን ነው የምንነሳው።

ነርስ_አጂፕ

ሰዓቱን ስታነሳ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ቢያንስ ደግሞ ይሻላል ይላል። አንድ ዓመት ላልሞላቸው ጭራሽ አይመከርም። ልምምዱ ከዚያው ውስጥ ይቆጠር። ቴሌቪዥኑም ከኋላ ሲጮህ አይሁን።

ስፒች_አዲስ

የሁለት ቋንቋውን ጥያቄ አልፈነዋል፣ ልመለስበት። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም፣ አፉንም አያጣምምም። አኮን ዝም እንዳታሰኙብኝ! ቤት ውስጥ ከምትሰባብሩት አማርኛ ይልቅ አኮ የምታወራው ጥርት ያለ አፋን ኦሮሞ ይጠቅመዋል። እንዲያውም አንድ ነገር አዳምጡልኝ። በኦሮምኛም «ከ»፣ «ቀ» እና «ገ» አሉ። አኮን ሲያናግር እዚያም ወደ ፊት ያመጣቸዋል? በሁለቱም ቋንቋ ካደረገው የምላስ ልማድ ነው። በአንዱ ብቻ ከሆነ የሚታይ ሌላ ነገር አለ።

ቆጪ_እናት

አዳመጥኩ። አኮን «ቁባ» (ጣት) ሲላት «ጡባ» ነው የሚለው። በሁለቱም ነው።

ስፒች_አዲስ

በጣም ጥሩ። እንግዲያው የራስሽን ጌም ሥሪ፣ አፕ አያስፈልግሽም። የስልክሽ ካሜራ ይበቃል። የባጃጅ ጎማ አንሺ። ዶማ አንሺ። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጊ። መጀመሪያ አንቺ ትያለሽ፣ እሱ ይነካል፤ ጆሮው እንደሚለየው በዚህ ታውቂያለሽ። ከዚያ ተራ ቀይሩ፦ እሱ አዛዥ ይሁን፣ አንቺ ንኪ። ያለውን ብቻ ንኪ፣ የፈለገውን አይደለም።

ሌላ ጥንድ፦ ቅል እና ጥል። ለጥል ሁለት ልጆች ሲታገሉ አንሺ፣ ይስቃሉ።

ኮድ_ቂጦ

ይሄ እኮ ራሱ ጌም ነው። ልሠራው እችላለሁ። ምን ላስገባ፣ ምን ልተው?

ስፒች_አዲስ

ድምፅ መመዘኛውን ተወው። በምትኩ ለወላጁ ሁለት ትንሽ ቁልፍ ስጠው፣ «አለው» እና «ገና ነው»። ፍርዱ የሰው ይሁን፣ ስልኩ ይመዝግብ። ያለ ኢንተርኔት ይሥራ፣ ትንሽ ይሁን፣ በአሮጌ ስልክም ይከፈት። የልጁ ድምፅ ከስልኩ እንዳይወጣ። ፎቶው ወላጁ ራሱ የሚያነሳው ይሁን፤ የቤቱ በርጩማ፣ የቤቱ ጀበና። ድምፁ ደግሞ የአኮም ይቀረጽ።

አንድ ደግሞ ሠሪዎች የሚስቱት፦ ልጁ ሲሳሳት የሚመጣው ነገር ሲያስተካክል ከሚመጣው የበለጠ እንዳያስቅ። ፊኛ «ቡም» ብሎ የሚፈነዳው ሲሳሳት ከሆነ ሆን ብሎ ይሳሳትልሃል። አይቻለሁ።

ኬጂ_መምህርት

ሃሃሃ ክፍሌ ውስጥ ያለ ስልክም እንደዚያው ናቸው።

አስተባባሪ

«በሁለት ሳምንት ኮልታፋነትን የሚያጠፋ አፕ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ገብቶ ነበር፣ አጥፍቼዋለሁ። ማንም እንዲህ ብሎ ገንዘብ ቢጠይቃችሁ አትክፈሉ። ክሩ ይቀጥል።

ቆጪ_እናት

ይዤ መጣሁ። የጆሮ ሐኪም አየው። በአንደኛው ጆሮ ፈሳሽ አለ፣ ሌላው ደህና ነው። ለጊዜው እንከታተላለን፣ ተመልሶ ይመረመራል አለኝ። እስከዚያ በደህናው ጆሮው በኩል ተቀመጪ፣ ፊት ለፊቱ ሆነሽ አውሪው ተባልኩ።

ጎማና ዶማውን ተጫወትነው። ጎማውን የሰፈራችን ባጃጅ ሹፌር አስነሳኝ፣ ምን ያደርግልሻል ብሎ ግራ ገባው። መጀመሪያ እኔ እያልኩ ሲነካ አልሳተም። ከዚያ እሱ አዛዥ ሆነ። «ዶማ!» አለ፣ ጎማውን እያየ። እኔ ዶማውን ነካሁ። «አይደለም! ዶማ!» አለ። እንደገና ዶማውን ነካሁ። ስልኩን ሊቀማኝ መጣ። «ዶማ ነው ያልከኝ፣ ይኸው ዶማ» አልኩት። ዝም አለ። አፌን ማየት ጀመረ። ከዚህ በፊት አፌን አይቶት አያውቅም። ከዚያ ከጉሮሮው «ኽ» የሚል ነገር አወጣ፣ ሊያስለው እንደመጣ ነገር። ጎማ አይደለም፣ ዶማም አይደለም። ጎማውን ነካሁለት። እሺ ነው አይደል?

ስፒች_አዲስ

እሺ ብቻ? አንደኛ ነው! ምላሱ ወደ ኋላ ሄደች ማለት ነው። ፍጹም እስኪሆን አትጠብቂ፣ ወደ ኋላ የሄደውን ሁሉ ተቀበዪው። ያቺን «ኽ» አትልቀቂያት። ለብቻዋ ተጫወቱባት፦ ውሃ ጉሮሮው ውስጥ እያንቆረቆረ፣ ወይ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያ እያየ። ሲተኛ ምላስ በራሷ ወደ ኋላ ታዘነብላለች። ከዚያ ወደ «ካ»፣ «ኮ»፣ ከዚያ ወደ ቃል። ባለሙያ የማግኘቱን ነገር ግን አትተዪው፣ በቪዲዮም ቢሆን። አባት_ሰቶ መንገዱን ያሳይሽ።

አባት_ሰቶ

በውስጥ መስመር ጻፊልኝ እህቴ።

አባ_ቡና

የባጃጅ ጎማ ፎቶ ትምህርት ይሆናል ብሎ ማን ያስባል። እኔ ከልጅ ልጄ ጋር ልሞክረው ነው፣ የእሷ ችግር «ረ» ናት። «መብራት በላ» ትላለች።

ስፒች_አዲስ

ስንት ዓመቷ ነው ጋሼ? አምስት ካልሞላት ይተዉላት። ከሞላት ግን ጥንዱን ራስዎ አምጥተውታል፦ በራ እና በላ። አንዱ ፎቶ አምፖል፣ አንዱ ፎቶ እርስዎ ሲበሉ።

ኮድ_ቂጦ

እሺ፣ ሥራ ልጀምር ነው። መጀመሪያ «ቀ»ን እይዛለሁ። ፎቶ የሚነሳ፣ ልጅ የሚያውቀው፣ «ቀ» ያለበት ቃል አዋጡ። በሁለቱም ቋንቋ።

ሄርማታ_ልጅ

ቁልፍ፣ ቆብ፣ ቅቤ፣ ቂጣ፣ ቃሪያ፣ ቅጠል

ስፒች_አዲስ

ቂጣና ቅጠል ለዚህ ልጅ ይቆዩ፣ «ጠ» አለባቸው፣ ወደዚያው ይጎትቱታል። ቃሪያም «ረ» አላት። ቁልፍ፣ ቆብ፣ ቅቤ ይግቡ።

ነርስ_አጂፕ

ኦሮምኛ፦ ቁባ (ጣት)፣ ቁሉቢ (ሽንኩርት)፣ ቡቄ (ቅል)። ቅል በሁለቱም «ቀ» አለው፣ አንድ ፎቶ ይበቃል።

ቆጪ_እናት

በቆሎና ባቄላ! አኮም እኔም የምንላቸው አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፣ እሷ «ቦቆሎ» ትላለች እንጂ። በቆሎውን ዛሬ ማታ አነሳዋለሁ፣ እሳት ላይ ነው።

ኮድ_ቂጦ

ሳይበላ አንሺው። በፋይል ላኪልኝ፣ በፎቶ ስትልኪው ጥራቱ ይቀንሳል።